የዘፈን አምድ፦ 16 ቶን

አንባቢያችን ሆይ፣ አንድ ኩንታል እህል አንሥተው ያውቃሉ? ካወቁ ይህ ዘፈን ይገባዎታል።

«16 ቶን» የአሜሪካ ዘፈን ነው። ዓይነቱ «ካንትሪ» ይባላል። የገጠር ሰው ዘፈን እንደ ማለት ነው። በጊታርና በቫዮሊን ይዘፈናል። ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መጠጥ ብዙ ተዘፍኖበታል። ይህኛው ግን ስለ ዕዳ ነው።

የዘፈኑ ደራሲ መርል ትራቪስ ነው። በ1917 ኬንታኪ በምትባል ግዛት ተወለደ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ከሰል ቆፋሪ የሚከፈለው በጫነው ቶን ልክ ነበር። የአሜሪካ 1 ቶን ከ9 ኩንታል ጥቂት ይበልጣል። 16 ቶን ሲሆን 145 ኩንታል ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከመሬት በታች በአካፋ መጫን ነው እንግዲህ!

ታዲያ ገንዘቡስ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ቦታ ኩባንያው የሚከፍለው በመንግሥት ገንዘብ አልነበረም። የራሱን ስም ያተመበት ቁራጭ ብረት ወይም ወረቀት ይሰጣል። ያ ብረት የሚሠራው በኩባንያው ሱቅ ነው። ሌላ ነጋዴ ዘንድ ቢወስዱት ወይ አይቀበልም፣ ወይ ዋጋውን ቀንሶ ይቀበላል። በኩባንያው ሱቅ ደግሞ ዱቄቱም ጫማውም ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ደመወዝ ሳይደርስ ዱቄት ቢያልቅ ከዚያው ሱቅ በዱቤ ይወሰዳል። የቤቱ ኪራይ፣ የሐኪሙ፣ ድንጋዩ የሚፈርስበት ባሩድ ሳይቀር ከደመወዙ ይቆረጣል። ሂሳቡ ሲዘጋ በወረቀቱ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ዕዳ ብቻ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ሥራውን ጥሎ ለመሄድ ይቸገራል።

ሚዛኑም እኮ የኩባንያው ነበር። ከሰሉ ተመዝኖ ሲጻፍ ቆፋሪው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የሠራተኞች ማኅበራት ከጠየቁት ነገር አንዱ በሚዛኑ አጠገብ የራሳቸው ሰው እንዲቆም ነበር። ደመወዙን ሠራተኞቹ አዋጥተው ይከፍሉታል። ቁጥር የሚያውቅ፣ አለቃ የማይፈራ ሰው መሆን ነበረበት።

መርል ዘፈኑን ያስቀረጸው በ1946 ነው። አንዱን ስንኝ ያገኘው ወንድሙ ከጻፈለት ደብዳቤ ነው። ሌላውን ደግሞ አባቱ ስለ ሱቁ ዕዳ ሲናገሩ ሰምቶ ነው። ያኔ ዘፈኑ ብዙም አልተሰማም።

በ1955 ግን ቴነሲ ኧርኒ ፎርድ የሚባል ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ እንደገና ዘፈነው። ጣቱን ጧ ጧ እያደረገ ነው የሚዘፍነው። ሸክላ ሁለት ፊት አለው። ይህ ዘፈን የወጣው በሁለተኛው ፊት ላይ ነበር። ሰዉ ግን ሸክላውን ገለበጠው! በጥቂት ሳምንታት ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በካንትሪ ዘፈኖች ዝርዝር ላይም 10 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከሰል ቆፍሮ የማያውቅ የከተማ ሰው ሁሉ አዜመው።

የኧርኒ ያምራል። እኔ ግን የመርልን እመርጣለሁ። ጊታሩን ብቻ ይዞ፣ ጎረቤቱን እንደሚያጫውት ሰው ነው የሚዘፍነው።