የቤኪንግ ሶዳ ጥቅምና ልክ



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቤኪንግ ሶዳ የማያነጣው፣ የማያጸዳውና የማይፈውሰው ነገር የለም እየተባለ ይወራል። አንዱ ለጥርስ፣ ሌላው ለፊት፣ ሌላው ለጨጓራ ይለዋል። እኔ በበኩሌ ይህ ነጭ ዱቄት በየቤቱ ቢገኝ እወዳለሁ፤ ነገር ግን የሚጠቅመው ጠባዩን ለሚያውቅ ሰው ነው እላለሁ።

ጠባዩም ይህ ነው። በኬሚስትሪ ትምህርታችን ሶዲየም ባይካርቦኔት ብለን የምንጠራው ይህ ዱቄት ደካማ ቤዝ ነው፤ ይኸውም አሲድን ያበርዳል ማለት ነው። እናቶቻችን ድስት የሚፈትጉበት አመድም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም የአመድ ውሃ ከሶዳ ይበረታል። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ለማለት አይቻልም።

እንግዲህ እኛ የሐይቅ ልጆች ሁላችን የምናውቀውን የዓሣ ሽታ እንውሰድ። ቆሮሶ ሲያጸዳ የዋለ ሰው እጁን በሶዳ ይታጠብ የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሎሚውን እመርጣለሁ። የዓሣ ሽታ የሚመጣው አሚን ከሚባሉ ነገሮች ነው፤ እነርሱም ራሳቸው ቤዝ ናቸው፤ ቤዝን የሚያበርደው ደግሞ አሲድ ነውና። በአንጻሩ ወተት የኮመጠጠበት ዕቃና ላብ የጠጣ ጫማ የሚሸቱት ይበልጡን ከአሲድ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ለእነዚህ ሶዳ ተገቢ ነው። ማታ አንድ ማንኪያ ያህል በጫማው ውስጥ ነስንሶ ማሳደር፣ ጠዋት ማራገፍ ነው። ይህን በተለይ ለክፍል ጓደኞቼ ጻፍሁት፤ በክረምት መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ምክንያቴን ያውቀዋል።

ሎሚውንና ሶዳውን ደባልቀው በአረፋው የሚደነቁም አሉ። አረፋው በአምቦ ውሃ ውስጥ የምናየው ዓይነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሲፈላ ዓይን ደስ ያሰኛል፣ ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተባርደው የሚቀረው ከጨዋማ ውሃ ብዙ የሚሻል አይደለም።

ያረረ ድስት ሶዳ በገባበት ሙቅ ውሃ ቢዘፈዘፍ በቀላሉ ይለቅቃል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን ብዙ አይቆይበት፣ ይጠቁራልና። ባቄላም በሶዳ ቶሎ ይበስላል፤ ሆኖም በውስጡ ያለውን ቫይታሚን ቢ 1 ስለሚያጠፋው እኔ ጥቂት ማገዶ መጨመሩን እመርጣለሁ። (ማገዶ የምትለቅም እኅቴ በዚህ እንደማትስማማ ነግራኛለች።)

ፊታቸውን በሶዳ ስለሚያሹ ጓደኞቻችን ዝም ማለት አልችልም። የሰው ቆዳ ጥቂት አሲድነት አለው፤ ፒኤቹም 5 አካባቢ ነው። የሶዳ ውሃ ግን ከ8 ያልፋል። ስለዚህ ዘወትር ቢታሽ ቆዳን ያደርቃል፣ ያቆጣልም። ለጥርስ ዕድፍ ያነሣል፤ ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ የጥርስ ሳሙናዎች ፍሎራይድ የለበትም። ለጨጓራ መጠጣቱንም ደም ግፊት ያለባቸው ወላጆቻችን ሐኪም ሳይጠይቁ ባያደርጉት ይሻላል፤ በውስጡ ብዙ ሶዲየም አለና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስሙ መመሳሰል ነው። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ ደረቅ አሲድ ስለ ተጨመረበት በውሃ ብቻ ይኩረፈረፋል፤ ቢሳሳቱት የሚበላሸው ዳቦው ነው። ሳሙና የሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ግን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፣ ቢውጡት ጉሮሮን ይበላል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱንም ሰው «ሶዳ» ይላቸዋል። ስም ባልተጻፈበት ላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት ወደ ወጥ ቤት መግባት የለበትም፤ ይሆን አይሆን ብሎ መቅመስማ ከቶ አይገባም። ምናልባት ሕፃን ኮስቲክ ሶዳ ቢውጥ፣ አስታውኩት ወይም ሎሚ አጠጡት የሚለውን ምክር ትታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። አሲዱ ቤዙን ያበርዳል የሚለው ትምህርታችን እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፣ ትውከቱም የተቃጠለውን ጉሮሮ ዳግመኛ ያቃጥለዋል።

እኔ የቤታችንን ሶዳ ክዳን ባለው ጠርሙስ ከትቼ ስሙን በትልቁ ጽፌበታለሁ። ሳሙና የሚሠራ ቤተሰብ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳውን ከወጥ ቤት አርቆ ይቆልፍበት፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም ከቶ አይገልብጠው።