ከጎብኚ ቁጥር ባሻገር፦ የመታሰቢያ ሙዚየም ማኅበራዊ ፋይዳ ለምን ይለካ?

በቅርስ ተቋማት ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የጎብኚ ቁጥር ነው። የአገር ውስጥና የውጭ ተብሎ ይከፈላል፤ ከትኬት የተገኘው ገቢ ይታከልበታል፤ ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸራል። ቁጥሩ ለበጀት ክርክር ይጠቅማል። የሚናገረው ግን ኅብረተሰቡ ለተቋሙ ስለ ሰጠው ጊዜና ገንዘብ እንጂ ተቋሙ ለኅብረተሰቡ ስላበረከተው ነገር አይደለም።

ይህን ጥያቄ ሕጉ ራሱ ያነሳዋል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች ለአገሪቱ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ዕድገት እንዲያግዙ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎታል። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 በፕራግ ባጸደቀው ትርጓሜ፣ ሙዚየም ኅብረተሰቡን የሚያገለግል ቋሚ ተቋም መሆኑን አስፍሯል። ኢኮኖሚያዊው ጥቅም በትኬትና በሆቴል አልጋ ሊገመት ይችላል፤ ማኅበራዊው ግን በመክፈቻ ንግግሮች ሲወደስ ይሰማል እንጂ በሪፖርት ሠንጠረዥ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ክፍተቱ ጎልቶ የሚታየው በመታሰቢያ ሙዚየሞች ላይ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ የሟቾችን ልብስና በግድግዳ የተደረደሩ ፎቶግራፎችን ይዟል። የተቋቋመው በደርግ ዘመን የተገደሉትን ለማስታወስና እንዲህ ያለው ግፍ እንዳይደገም ለማስተማር ነው። «እንዳይደገም» የሚል ዓላማ ደግሞ በሰው አመለካከት ላይ የሚመጣን ለውጥ ይጠይቃል። በአንድ ቀን ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ቢገባ ቁጥሩ ያድጋል፤ ተማሪዎቹ የፖለቲካ ተቃራኒን ስለ ማሰርና ስለ መግደል ያላቸው አስተሳሰብ መለወጥ አለመለወጡ ግን አይታወቅም። ምናልባትም አንዳንዱ ሐዘን ሳይሆን ቂም ይዞ ይወጣ ይሆናል። ልኬት ጥቅምን ብቻ ሳይሆን ጉዳትንም የሚመዘግበው ለዚህ ነው።

መለካቱ ጊዜ የማይሰጥበት ሌላም ምክንያት አለ። በሙዚየሙ ጎብኚዎችን ሲያስጎበኙ ከቆዩት መካከል ከዚያው ዘመን እስርና ግርፋት የተረፉ ሰዎች ይገኙበታል። በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ወደ 70 ዓመት ተጠግቷል። ያየውን የሚተርክ ሰው የሚፈጥረው ስሜትና በብርጭቆ ሣጥን ላይ የተለጠፈ መግለጫ የሚፈጥረው ስሜት አንድ ናቸው ብሎ መገመት ያስቸግራል፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ግን ሁለቱም ባሉበት ጊዜ ነው። የዛሬው መነሻ መረጃ ካልተሰበሰበ፣ ነገ በድምፅ ቅጂ ወይም በፊልም የሚተካው ትረካ ምን እንዳጎደለ የሚነግር አይኖርም።

የልኬት ተቃዋሚዎች ሐዘን በቁጥር አይመዘንም ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን መለካት ማለት ሁሉንም ወደ አሃዝ መቀየር ማለት አይደለም። ተማሪዎችን ከጉብኝቱ በፊት፣ ወዲያው ከጉብኝቱ በኋላና ከስድስት ወር በኋላ በትምህርት ቤታቸው መጠየቅ፣ ከሟች ቤተሰቦች ጋር ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ይቻላል። በሙዚየሙ በር አልፈው የማይገቡትንም «ለምን አልገቡም?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዚያ ዘመን ትዝታ በኢትዮጵያ ዛሬም አከራካሪ በመሆኑ፣ ታሪኩ የእኔን ቤተሰብ አላካተተም የሚል ሰው በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ፈጽሞ ላይገኝ ይችላል።

የገንዘብ እጥረት የሚለው መከራከሪያም ክብደት አለው፤ ጣሪያው ለሚያፈስ ሙዚየም መጠይቅ ማሳተም ቅንጦት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት ጥናት ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። የሚያሰጋው ውጤቱ የሚደርስበት ቦታ ነው፤ ለለጋሽ ብቻ ሲባል የሚሰበሰብ መረጃ ደስ የሚያሰኘውን መርጦ ያቀርባል። ስለዚህ ግኝቱ በመጀመሪያ መድረስ ያለበት በየቀኑ ከጎብኚው ፊት ለሚቆሙት አስጎብኚዎች ነው፤ የትኛው ክፍል ውስጥ ዝምታ እንደሚወርድና የትኛው ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ስልካቸውን እንደሚያወጡ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።