የወተት ጥርስና ደጅ ጥናት

የልጅ የወተት ጥርስ ሲወልቅ በብዙዎቻችን ቤት ጣሪያ ላይ ይወረወራል። በምትኩ የነጣና የጠነከረ ጥርስ እንዲበቅል ይመኛሉ። በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ግን ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወላጆች የልጆቻቸውን የወለቀ ጥርስ ለተመራማሪዎች ይልኩ ነበር። ጥርሱን የሰጠ ልጅ «ጥርሴን ለሳይንስ ሰጠሁ» የሚል ባጅ ይሸለማል። የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ይህ ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ሴኔት ደጃፍ ደረሰ። እንዴት እንደደረሰ ዛሬ እናውጋ።

በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ የኑክሌር ቦምቦቻቸውን በአየር ላይ እያፈነዱ ይሞክሩ ነበር። ፍንዳታው ወደ ሰማይ ያወጣው ብናኝ በነፋስ ተጉዞ ከዝናብ ጋር ይወርዳል። ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ ወተቷን ሕፃኑ ይጠጣል። በብናኙ ውስጥ ስትሮንቲየም 90 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አለ። ጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነታችን ለይቶ አያውቀውም፤ አጥንትና ጥርስ ሲሠራ አብሮ ያስገባዋል። ከገባ በኋላም ቶሎ አይለቅም፤ ጨረሩ በግማሽ ለመቀነስ 29 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እናት የልጄ አጥንት ይጠንክር ብላ በምትሰጠው ወተት ውስጥ፣ እሷ አይታው በማታውቀው በረሃ የፈነዳ ቦምብ ትርፍራፊ ነበር ማለት ነው።

የወተት ጥርስ መሠራት የሚጀምረው ልጁ ገና ማህፀን ሳለ ነው። ስለዚህ ልጁ በተፀነሰበትና በተወለደበት ጊዜ በእናቱ ምግብና በወተቱ ውስጥ የነበረውን ነገር ይዞ ይቆያል። የሴንት ሉዊስ ሳይንቲስቶችና ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው ጥርስ መሰብሰብ የጀመሩት ለዚህ ነው። ሥራውን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ሐኪሟ ዶክተር ሉዊዝ ራይስ ነበሩ። ጥናቱ እስከ 1970 ቀጥሎ ከ300,000 በላይ ጥርስ ተሰበሰበ። በኖቬምበር 1961 የወጣው የመጀመሪያ ውጤት በልጆቹ ጥርስ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም ከዓመት ዓመት እየጨመረ መምጣቱን አሳየ። በ1963 በተወለዱት ልጆች ላይ የተገኘው መጠን በ1950 ከተወለዱት 50 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሆነ።

በዚሁ 1961 መስከረም ላይ፣ ሦስት ዓመት ያህል ቆሞ የነበረው የቦምብ ሙከራ በሶቪየት ኅብረት እንደገና ተጀመረ። አሜሪካም ተከተለች። የልጆች መጻሕፍት ሥዕል የሚሥሉት፣ የሦስት ልጆች እናት የሆኑት ወይዘሮ ዳግማር ዊልሰን ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ጥቂት ጓደኞቻቸውን ሰብስበው ተማከሩ። ጽሕፈት ቤት የላቸውም፤ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ስልክ፣ የወላጆች ኮሚቴ ትውውቅና ለገና ካርድ የሚላክላቸው ሰዎች የአድራሻ ዝርዝር ነበር። አንዷ ለአንዷ እየደወለች፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1961 በ60 ያህል የአሜሪካ ከተሞች ሴቶች የቤት ሥራቸውን ትተው አደባባይ ወጡ። ቁጥራቸው እስከ 50,000 ይደርሳል ተብሎ ተገምቷል። እንቅስቃሴው «የሴቶች አድማ ለሰላም» ተባለ።

ሰልፍ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሰልፉ ካለፈ በኋላ የሚሠራው ሌላ ነው። አያቶቻችን ለዚህ ጥሩ ቃል አላቸው፤ ደጅ ጥናት። ጉዳይ ያለው ሰው የባለሥልጣኑን ደጅ ይጠናል፤ ዛሬ ባይሳካ ነገ ይመለሳል፤ እልፍኝ አስከልካዩ ስሙን እስኪያውቀው ድረስ ይመላለሳል። በአሜሪካ ሎቢ የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ በምርጫ የሚተዳደር አገር ላይ ደጅ ጠኚው የመራጭ ድምፅ በእጁ መኖሩ ነው። እነዚህ ሴቶች ደግሞ የጠኑት ለሹመት ወይም ለርስት ብለው አልነበረም።

ስለዚህ ጻፉ። ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለወይዘሮ ጃክሊን ኬኔዲና ለሶቪየቱ መሪ ባለቤት ለወይዘሮ ኒና ክሩሽቼቭ በአንድነት ደብዳቤ ላኩ፤ ከሁለቱም መልስ አገኙ። በጃንዋሪ 1962 በዝናብ ውስጥ ኋይት ሐውስ ፊት ቆሙ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያው ቀን ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ፣ ሴቶቹን በመስኮት እንዳዩአቸውና መልእክታቸው እንደደረሳቸው ተናገሩ። የምክር ቤት አባላትን የማነጋገሩን ሥራ ከመሩት አንዷ የኒው ዮርኳ ጠበቃ ቤላ አብዙግ ነበሩ። ወደ እንደራሴዎቹ ቢሮ ሲገቡ የያዙት ጥያቄ አጭር ነው። የቦምብ ሙከራው ይቁም፤ ወተቱ ይጽዳ። ስለ ሚሳይል ብዛት ከጄኔራሎች ጋር ቢከራከሩ ኖሮ በቀላሉ ዝም ይሰኙ ነበር። ስለ ልጅ ወተት ግን ማንም ሴናተር ለእናት «ይህ አይመለከትሽም» ሊላት አይችልም።

በአፕሪል 1962 ሃምሳ የሚሆኑ ሴቶች የጦር መሣሪያ ቅነሳ ጉባኤ ወደሚካሄድባት ጄኔቭ ተጓዙ። ከእነሱም አንዷ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግ ነበሩ። የአሜሪካንም የሶቪየትንም ዋና ተደራዳሪ አግኝተው ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በዚያ ጉባኤ ወንበር ከነበራቸው ስምንት ገለልተኛ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። በ1961 የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ ነው የሚለውን የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ በማቅረብ ግንባር ቀደም የነበረችውም ኢትዮጵያ ናት። ውሳኔው በ55 ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ አልፏል። የመርዝ ጋዝ በስምምነት ከተከለከለ በኋላ በጣሊያን አውሮፕላን ሲረጭባት ያየች አገር፣ ስለ እንዲህ ያለ መሣሪያ የምትናገረው ነበራት። ልጆች ስለ ማይጨው ሲጠይቁ ይህንንም ጨምሮ መንገር ይገባል።

ደጅ ጥናት ያለ ነቀፋ አይሆንም። በዲሴምበር 1962 ኮሚኒስቶችን እያደነ የሚመረምር የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሴቶቹን ለጥያቄ ጠራ። በዚያ ዘመን ይህ ኮሚቴ የጠራው ሰው ሥራውንም ስሙንም ሊያጣ ይችል ነበር። ሴቶቹ ግን ሕፃናት ታቅፈውና አበባ ይዘው አዳራሹን ሞሉት። የመጀመሪያዋ ምስክር ስትነሣ ሁሉም አብረዋት ተነሡ። ሰብሳቢው መነሣት ሲከለክሉ አጨበጨቡ፤ ማጨብጨብ ሲከለከል ለምስክሮቹ አበባ ሰጡ። ወይዘሮ ዊልሰን ኮሚኒስቶች በማኅበራቸው እንዳይገቡ ይከለክሉ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የሰላምን ጉዳይ የሚደግፍ ማንንም እንደማይከለክሉ በእርጋታ መለሱ። ጋዜጦች በኮሚቴው ላይ ቀለዱ። ሴቶቹም ወደ ደጅ ጥናታቸው ተመለሱ።

ኦገስት 5 ቀን 1963 ሦስቱ መንግሥታት በአየር፣ በኅዋና በውኃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ እንዳይደረግ ሞስኮ ላይ ተፈራረሙ። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሕግ ዓለም አቀፍ ውል የሚጸድቀው ከሴኔቱ ሁለት ሦስተኛው ሲደግፈው ነው። ከ100ው ሴናተሮች 34 ከተቃወሙ ሁሉም ከንቱ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው የጥርሱ ጥናት ውጤት በሴኔት ኮሚቴ ፊት የቀረበው፤ ያቀረቡትም የዶክተር ሉዊዝ ባለቤት ዶክተር ኤሪክ ራይስ ነበሩ። ሴፕቴምበር 24 ሴኔቱ 80 ለ19 በሆነ ድምፅ ውሉን አጸደቀ። የፕሬዚዳንቱ የሳይንስ አማካሪ የነበሩት ጀሮም ዊዝነር ከዓመታት በኋላ፣ ኬኔዲን ወደ ውሉ የገፉት እነዚህ ሴቶች፣ ሌሎች የሰላም ማኅበራትና ሳይንቲስቱ ላይነስ ፖሊንግ መሆናቸውን መስክረዋል። በልጆች ጥርስ ውስጥ የነበረውም ስትሮንቲየም ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ውሉ ግን ከመሬት በታች የሚደረገውን ሙከራ አልከለከለም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቦምቦች ከዚያ በኋላ በጉድጓድ ውስጥ ፈነዱ። ወተቱ ሲጸዳ የብዙ ወላጅ ልብ ረጋ፤ የደጅ ጠኚው ቁጥርም ሳሳ። የቦምቡ ቁጥር ግን ጨመረ፤ በ1986 በዓለም 70,000 ያህል የኑክሌር መሣሪያ ነበር። ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ቀንሶ ዛሬ 12,000 ያህል ቀርቷል። ወጪው ግን አልቀነሰም። የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ እንደሚለው የዓለም ወታደራዊ ወጪ በ2024 ከ2.7 ትሪሊዮን ዶላር በልጧል።

ከሁሉ የሚከብደው ይህኛው ደጅ ጥናት ነው። የተመረዘ ወተት ያስደነግጣል፤ ያልተሠራ ትምህርት ቤት ግን ጥርስ ውስጥ አይታይም። ጦርነት የማያውቅ ሰው ሐሳብ ነው እንዳይባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምዕራቡን ጦር የመሩት ጄኔራል አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ሆነው በ1953 ያደረጉትን ንግግር እናስታውስ። የአንድ ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በላይ በሚሆኑ ከተሞች አንድ አንድ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ወይም ሁለት የተሟሉ ሆስፒታሎች እንደሚያሠራ ዘርዝረው ነበር። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ይህን ሒሳብ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ለአጥር የወጣ ብር ለጤፍ አይውልም።

«አገር ያለ መሣሪያ ይጠበቃል ወይ?» የሚሉ አያቶች አሉ። ጥያቄያቸው ከኖሩበት የመጣ ስለሆነ ሊናቅ አይገባም። አጥር የሌለው ቤት ሌባ ይደፍረዋል። ነገር ግን አጥሩ ስንት እንደፈጀ፣ ከየትኛው ልጅ ምሳ እንደተቀነሰና እስከ ምን ከፍታ እንደሚሠራ መጠየቅ የቤተሰቡ መብት ነው። ሴቶቹም ወደ ሴኔት ሲሄዱ ሠራዊቱ ይበተን አላሉም፤ በልጆቻችን አጥንት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይቁም አሉ። ቤላ አብዙግ ግን በሴናተሮች በር መቆም አልበቃቸውም። በ1970 ተወዳድረው በማሸነፍ ራሳቸው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። ሥራ በጀመሩበት ቀን ያቀረቡት ሐሳብ የአሜሪካ ጦር ከቬትናም እንዲወጣ የሚጠይቅ ነበር።

ልጆቻቸው ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወላጆች ይህን ጽሑፍ ቢልኩላቸው ደግ ነው። ዜግነት ያገኘ ልጅ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባልና ሁለት ሴናተሮች አሉት። በየቢሮአቸው የመራጭን ስልክና ደብዳቤ የሚመዘግቡ ሠራተኞች ተቀምጠዋል። የመከላከያ በጀት በየዓመቱ ስለሚጸድቅ ጥያቄውም በየዓመቱ ይቀርባል። በእኛም አገር የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ረቂቁም ከዚያ በፊት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይገባል። በዜና ሲነገር ሬዲዮውን ከመዝጋት ይልቅ ልጆችን ጠርቶ «ለመከላከያ ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት ተባለ?» ብሎ አብሮ ማስላት ይቻላል። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ይህን መደመርና መቀነስ ይችላል።

ወደ እንደራሴ የሚሄድም ሰው ከእነዚያ እናቶች ሦስት ነገር ይማር። አንደኛ፣ ከቤቱ የሚያውቀውን ማስረጃ ይያዝ። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ግማሹ ሲሰጠው አመስግኖ ይቀበል፤ ለቀረው ግማሽ የሚመለስበትን ቀን ግን እዚያው ቆሞ ይቁረጥ። የሴንት ሉዊስ እናቶች የመጀመሪያውን ጥርስ ከላኩበት ቀን አንሥቶ ሴኔቱ ድምፅ እስኪሰጥ አምስት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ያህል ነበር የቀረው። በዚያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ትምህርት ቤት ሊገባ ደርሷል።