የወሊድ መከላከያና የእናቶች መድኃኒት፦ ከድሬዳዋ መጋዘን እስከ ገጠር ጤና ኬላ

በመርፌ የሚሰጠውን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ የምትጠቀም እናት የቀጠሮ ቀኗን ታውቃለች። በዚያ ቀን መርፌው ከጤና ኬላው ካልተገኘ «በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሽ» የሚል ምላሽ ይጠብቃታል። ቃሉ ቀላል ይመስላል። በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ቀበሌዎች፣ በዋሂል፣ በቢዮ አዋሌ ወይም በጀልዴሳ ዙሪያ ለምትኖር እናት ግን አንድ የከሸፈ ጉዞ ማለት የባከነ የሥራ ቀን፣ በፀሐይ የተኬደ የእግር መንገድ፣ ምናልባትም ከባሏ ወይም ከአማቷ ጋር እንደገና የሚከፈት ክርክር ነው። መድኃኒቱ የሚከላከልበት ጊዜም እርሷ እስክትመለስ ቆሞ አይጠብቅም።

የወሊድ መከላከያ ነገር በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲነሣ የኖረው ከግንዛቤ ጋር ተያይዞ ነበር። ሕዝቡ አልተቀበለውም፣ ባህሉ አይፈቅድም ሲባል ቆይቷል። ይህ ችግር ፈጽሞ አልጠፋም። ሆኖም ዛሬ ከዚያ ባልተናነሰ ሊጠየቅ የሚገባው፣ የፈለገችው እናት ስትመጣ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ይገኛል ወይ፣ ወጪውንስ የሚሸፍነው ማን ነው የሚለው ነው።

በ1992 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ የነበሩት 8 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 36፣ በ2011 ዓ.ም በተካሄደው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 41 ደርሷል። ለዚህ ለውጥ በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። በተመሳሳይ ጊዜ በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶች ቁጥር ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በ1992 ዓ.ም ከነበረበት 871 በ2008 ዓ.ም ወደ 412 ዝቅ ማለቱን ጥናቶቹ ያመለክታሉ።

ከእነዚህ አኃዞች ጀርባ ግን ሁለት ነገሮች ተሸሽገዋል። የመጀመሪያው የክልሎች ልዩነት ነው። በ2008ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ግማሽ ያህሉ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 47 በመቶ የሚሆኑት ባለትዳር ሴቶች ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በሶማሌ ክልል ግን ቁጥሩ 2 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሁለተኛው የአንድ ምርት ጥገኝነት ነው። በ2011 ዓ.ም ከተመዘገቡት 41 ተጠቃሚዎች መካከል 27ቱ ያህል የሚወስዱት መርፌውን ነው። ይህም ማለት የአገሪቱ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በአመዛኙ የተንጠለጠለው በየሦስት ወሩ መታደስ ባለበት አንድ ምርት ላይ ነው። በክንድ ሥር የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ አቅርቦቱ ለጥቂት ሳምንታት ቢቋረጥም ቀድማ ያስቀበረች እናት አትጎዳም። የመርፌ ተጠቃሚዋ ግን ወዲያውኑ ትጋለጣለች።

ምርቶቹ ለብዙ ዓመታት የመጡት በአመዛኙ በለጋሾች ገንዘብ ነው። ያ ምንጭ እየሳሳ መጥቷል። በ2013 ዓ.ም የእንግሊዝ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ የምርት አቅርቦት መርሐ ግብር ቃል ከገባው 154 ሚሊዮን ፓውንድ ውስጥ 85 በመቶውን ቀንሶ ወደ 23 ሚሊዮን አወረደው። በጥር 2017 ዓ.ም ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ፤ በአገራችንም በዚሁ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር መመሪያ መስጠቱ በወቅቱ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በቤልጂየም መጋዘን የተከማቸና 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የወሊድ መከላከያ እንዲቃጠል ዋሽንግተን መወሰኗ ሲሰማ፣ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ምርት እንኳ ለተጠቃሚው ይደርሳል ብሎ መተማመን እንደማይቻል ታየ።

ይሁንና ለጋሾችን ብቻ መውቀስ የራስን ቤት ከመፈተሽ ያዘናጋል። ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ጥሩ መነሻ ያላት ከተማ ናት። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የተቋቋመው የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ፣ በዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ በከተማዋ ቅርንጫፍ አለው። የአስተዳደሩ ገጠር ቀበሌዎችም እንደ ሌሎች ክልሎች ከመጋዘን በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቁ አይደሉም። ታይዋን ገበያ የሚታጣ ዕቃ የለም በሚባልባት ከተማ፣ ክኒንና ኮንዶም ከግል ፋርማሲ ማግኘትም ለከዚራና ለመጋላ ነዋሪ አያስቸግርም። ፈተናው ያለው ከመጋዘኑ በር በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ የተጠቀሙትን፣ የቀራቸውንና የሚፈልጉትን መጠን በቅጽ ሞልተው ይልካሉ። የሚላክላቸው መጠን ክምችታቸውን እስከ አራት ወር ፍጆታ እንዲያደርስ ተደርጎ ይሰላል፤ ጤና ኬላዎች ደግሞ ከጤና ጣቢያቸው ይወስዳሉ። በወረቀት ላይ ሥርዓቱ የተስተካከለ ነው። ችግሩ መለኪያው ያለፈው ፍጆታ መሆኑ ላይ ነው። አንድ ጤና ኬላ ለአንድ ወር መርፌ ካጣ፣ የዚያ ወር ፍጆታ ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። መድኃኒቱ የጠፋባቸው ቀናት በስሌቱ ካልታረሙ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ከትክክለኛው ፍላጎት ያንሳል፤ የሚላከውም በዚያው ልክ ያንሳል። ባዶ መደርደሪያ በሪፖርት ላይ ሲታይ «ፈላጊ የለም» የሚል ምስክር ይሆናል ማለት ነው። ቅጹ ይህን ማረሚያ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ክትባቱንም፣ ወሊዱንም፣ የቤት ለቤት ጉብኝቱንም የምትሠራ ባለሙያ ባዶ የነበሩትን ቀናት በጥንቃቄ እንድትቆጥር መጠበቅ ከባድ ነው። ባዶ እጇን የተመለሰችው እናትማ በየትኛውም ዓምድ አትሰፍርም።

ለድሬዳዋ ሌላም የሚጨመር አለ። የድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያስተናግደው የከተማዋን ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞንና ከምሥራቅ ሐረርጌ የሚመጡ እናቶችም ይወልዱበታል። ዕቅድ በአስተዳደሩ ሕዝብ ቁጥር ላይ ብቻ ተመሥርቶ ከወጣ፣ እነዚህ እናቶች ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን ሙቀቱ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ለእናቶች ሞት ቀዳሚ ምክንያት ሲሆን፣ ዋነኛ መከላከያው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። የሚያሳስበው ጉዳትም በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፤ ብልቃጡ ሙሉ፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልጨረሰ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ደሙን ላያቆም ይችላል። በበጋም ሆነ በክረምት ሙቀት በማይለያት ድሬዳዋ፣ መብራት ሲቋረጥ የማቀዝቀዣው ጉዳይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገራት በ30 ሺህ ያህል እናቶች ላይ ያስጠናውና ሙቀት የሚቋቋመው ካርቤቶሲን፣ ደም መፍሰስን በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ በ2010 ዓ.ም ይፋ ሆኗል። በእንክብል የሚሰጠው ሚሶፕሮስቶልም ማቀዝቀዣ አይሻም። ስለዚህ ቆላማ ለሆኑ አካባቢዎች ግዥ ሲታቀድ የዝርዝሩ ይዘት ለደጋው ከሚታቀደው ሊለይ ይገባል እንላለን። ማቀዝቀዣ በሌለበት ኦክሲቶሲንን ብቻ ማከፋፈል በቁጥር የተሟላ፣ በተግባር የጎደለ አቅርቦት ነው።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቤተሰብ ዕቅድና የወሊድ አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። ነጻ የሆነው ግን ለተገልጋይዋ እንጂ ለመንግሥት አይደለም። የለጋሾች ድርሻ ሲቀንስ ክፍተቱን የሚሞላው ወይ የመንግሥት በጀት ነው፣ ወይ የእናቲቱ ኪስ ነው። የአስተዳደሩ ጤና ቢሮ ለወሊድ መከላከያ፣ ለኦክሲቶሲንና እርግዝናን ተከትሎ ለሚመጣ የደም ግፊት ለሚሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌት በራሱ ስም የተለየ የበጀት መደብ ሊኖረው ይገባል፤ «መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ» በሚል ጥቅል መደብ ውስጥ የገባ ገንዘብ እጥረት ሲመጣ ቀድሞ የሚሸራረፍ ነውና። ከዚያ ጎን ለጎን በየጤና ኬላው መድኃኒት ፈልገው ሳያገኙ የተመለሱ እናቶች የሚቆጠሩበት አንድ መዝገብ ቢከፈት ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር፣ የምክር ቤት አባላት ቢሮውን ስንት መርፌ አሰራጫችሁ ብለው ከመጠየቃቸው በፊት ስንት እናት ሳታገኝ ተመለሰች ብለው መጠየቅ የሚችሉት ያ ደብተር ካለ ነው።