ላንቃው ተሰፋ፤ ንግግሩስ?

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ስለ ሆላንድ ሀብት ብዙ ተናግረናል። ዛሬ ላንቃው ተሰንጥቆ ስለሚወለድ ሕፃን እንናገር።

እዚህ እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚቀበለው አንድ ሐኪም ብቻ አይደለም። በሮተርዳም በሶፊያ የሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪሙ፣ የጆሮና የጥርስ ሐኪሞቹ፣ የንግግር ባለሙያውም በአንድነት ይመክሩለታል። ላንቃው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሲሞላው ገደማ ይሰፋል፤ ክትትሉ ግን ልጁ እስኪጐለምስ ይቀጥላል። 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስም ወርኃዊ የጤና መድን ክፍያ አይጠየቅለትም። ይህ መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

በአገራችንስ? በአዲስ አበባ በየካቲት 12 ሆስፒታል የገዛ ሐኪሞቻችን ከንፈርና ላንቃ ይሰፋሉ፤ ሥራቸው የሚያኰራ ነው። ነገር ግን የባላገሩ ልጅ ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ካደገ በኋላ ነው። እስከዚያ እርግማን ነው ተብሎ በጓዳ ይደበቃል። ሊናገር ሲሞክር አየሩ በአፍንጫው ስለሚያመልጥበት ድምፁን በጉሮሮው ማነቅ ይለምዳል። ላንቃው ሲሰፋ ይህ ልማድ አብሮ አይጠፋም። ቁስሉ ሽሮ፣ ፎቶግራፉም ተነሥቶ፣ ልጁ «ጤና» ማለት ሲፈልግ አሁንም «ኤና» ይላል።

የቀዶ ጥገና ቢላዋ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ሆላንዳዊ ሐኪም የወሎን ልጅ ላንቃ መስፋት ይችላል። ንግግሩን ማቅናት ግን አይችልም። የእኛ ጠ፣ ጨና ጰ በሆላንድ ቋንቋ የሉም። እነዚህ ድምፆች ጉሮሮ ተዘግቶ በአፍ ውስጥ የታመቀው አየር ሲፈነዳ የሚወለዱ ናቸው። ልጁ ጉሮሮውን ብቻ ሲዘጋና ድምፁን በትክክል ሲያወጣ ለይቶ የሚሰማ የአገሩ ሰው ጆሮ ነው። ስለዚህ የውጭ መልመጃ ተርጉሞ መስጠት አይበቃም፤ ለአማርኛም፣ ለኦሮምኛም፣ ለትግርኛም የየራሱ መዘጋጀት አለበት።

«ረኃብ ባለበት አገር ንግግር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። አንደበቱ የማይሰማለት ልጅ በትምህርት ቤት ይሣቅበታል፤ ሲያድግም በሸንጎ አቤት ማለት፣ በገበያ መከራከር ይሳነዋል። ይህስ ከረኃብ በምን ይርቃል?

የንግግር ባለሙያዎችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ተጀምሯል። መንግሥት በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል የሥራ መደብና በጀት ይስጣቸው። እኛም ከዚህ የንግግር ሕክምናን የምንማር፣ መልመጃውን በቋንቋዎቻችን የምናዘጋጅና ይዘን የምንመለስ እንሁን። ሕዝብ ይናገር ብለን የምንጮህ ሁሉ፣ መናገር ለተሳነው ልጅ አንደበቱን የመመለስ ዕዳ አለብን።