ቬንትሌተሩን ማን ያብራው? ሞተረኛው ወይስ ቴርሞስዊቹ

በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ብስክሌት ላይ የራዲያተሩን ቬንትሌተር በእጅ የሚያስነሳ ተጨማሪ ማብሪያ መግጠም ይገባል ወይስ አይገባም? አንድ የረጅም መንገድ ሞተረኛና አንድ የተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ተሟግተዋል። አብዛኞቹ የአገራችን ሞተሮች በአየር የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ ጉዳዩ አይነካቸውም፤ ራዲያተር ያለው ያንብብ።

ማብሪያው ይግባ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የወጣ ሞተረኛ የምለው ነገር ሳልጨርስ ይገባዋል። ቁልቁለቱም አቀበቱም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ታች በረሃው ይፋጃል። ሽቅብ ሲጀመር ደግሞ ከፊት ጭነት የሞላ ተሳቢ ያቃስታል፤ መታጠፊያው ስለሚበዛ ቀድሞ ማለፍ አይቻልም። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ ያለ የሌለ ኃይሉን እያወጣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሳባል። ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም። ነፋሱ ከኋላ የመጣ ዕለትማ አለቀ።

ፋብሪካው ለዚህ ያዘጋጀው ቴርሞስዊችን ነው። ራዲያተሩ ላይ የተሰካ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት ውሃው ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተገናኝቶ ቬንትሌተሩን ያስነሳል። ደግ ነው። ነገር ግን እኔ አቀበቱን ከሩቅ አየዋለሁ፤ እሱ የሚነቃው ውሃው ከጋለ በኋላ ነው።

የከፍታም ጉዳይ አለ። ንጹህ ውሃ በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባና በደጀን ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ። የራዲያተር ክዳን ግፊት አምቆ ይህን ነጥብ ወደ ላይ ስለሚገፋው በጤናማ ሞተር ላይ አያሳስብም። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀና ባለቤቱ በየመንገዱ የቧንቧ ውሃ ሲጨምርበት ከከረመ ግን ውሃው ፈልቶ በትርፍ ቱቦው ይወጣል፤ ቴርሞስዊቹ ገና ሙቀቱ አልደረሰልኝም ብሎ ይቀመጣል። ውሃው ከጎደለ በኋላ ደግሞ የሚነካው እንፋሎት ስለሚሆን ጭራሽ ላይሠራ ይችላል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። እንደ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ባሉ ባለ ካርቡራተር ሞተሮች ላይ ፖዘቲቩ በፊውዝ በኩል ቬንትሌተሩ ድረስ ይመጣል፤ ቴርሞስዊቹ የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። ስለዚህ ከቬንትሌተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ አንድ ቅርንጫፍ አውጥቼ ወደ መሪው አመጣለሁ፤ ውሃ የማያስገባ ማብሪያ ገጥሜ ሌላኛውን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አስራለሁ። ቴርሞስዊቹን አልነካሁትም። አንዱ ቢሞት ሌላው ያስነሳል። በኔጌቲቭ በኩል የሄድኩት አውቄ ነው፦ ሽቦው ከሻንሲው ጋር ተፋትጎ ቢላጥ ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ ፊውዝ አይበላም፣ እሳትም አይነሳም።

በመጨረሻ ከቬንትሌተሩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ወደ ክሩስኮቱ እስባለሁ። እኔ ባስነሳውም ቴርሞስዊቹ ቢያስነሳው መብራቱ ይነግረኛል። ይህች ነገር ከማብሪያው ባልተናነሰ ትጠቅማለች።

"ሞተሩ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል" የሚሉኝ አሉ። ታዲያ ቴርሞስታቱ ምን ሊሠራ ተቀመጠ? ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ የራዲያተሩን መንገድ የሚዘጋው እሱ አይደለም እንዴ?

ማብሪያው ይቅር

ጋሼ፣ የሽቦ አሠራርዎ ንጹህ ነው። ሙግቴ ከምክንያትዎ ጋር ነው።

የክዳኑን ነገር ራስዎ አነሱት። ክዳኑ ግፊት ካፈሰሰ ክዳኑ ይቀየራል። የገባው የቧንቧ ውሃ ከሆነ ይደፋና ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት ይሞላል። ቬንትሌተሩን በእጅ ቀድሞ ማስነሳት የታመመውን ሞተር ለጥቂት ጊዜ ደህና ያስመስለዋል። በዚህ መሃል ኩላንቱ ይጎድላል፣ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃ ይደፈናሉ፤ ሞተረኛው ግን ማብሪያውን ተጭኖ ይሄዳል። በመጨረሻ ጋራዥ የሚደርሰው የተጣመመ ቴስታታ ነው። ቬንትሌተሩ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ መነሳት ሲጀምር እኮ ሞተሩ ችግሩን እየተናገረ ነው። በእጁ የሚያስነሳ ሰው ይህን ከየት ይሰማል?

ወደ ባትሪው ልምጣ። የድሮው ኬኤልአር ባትሪ 14 አምፔር ሰዓት ነው፤ የሞተር ቬንትሌተር ደግሞ ከ3 እስከ 5 አምፔር ይወስዳል። በአንዳንድ ሞተሮች የቬንትሌተሩ መስመር ቁልፍ ሳይጠይቅ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ኢንጂኑ ከጠፋ በኋላ የተረፈውን ሙቀት እንዲያስወጣ ታስቦ ነው። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ማብሪያውን ረስቶ ምሳ የገባ ሰው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ባትሪው ባዶ ይሆናል። ጉዳት የለውም ያሉት የተላጠ ሽቦም ባትሪው እስኪሞት ያዞረዋል። በከተማ ሰልፍ ውስጥ በሚኒሞ ሲቆሙም ዲናሞው የሚያመነጨው ጥቂት ነው፤ ከዚያው ላይ የፊት መብራቱ አለ።

በአዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ኬኤልአር 650 እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በካርቡራተር ሲሠራ ቆይቶ በ2022 ሞዴሉ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ይዞ መጥቷል። መርጫ ባላቸው በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ የሙቀት ሴንሰሩን አንብቦ የሪሌውን ኔጌቲቭ ያገናኛል። ያንን ሽቦ ሳይለይ 12 ቮልት የሰጠው ሰው፣ ኮምፒውተሩ ቬንትሌተሩን ላስነሳ ባለ ጊዜ ውስጡ ያለውን ትራንዚስተር ያቃጥለዋል። ለአንዲት ማብሪያ ተብሎ ኮምፒውተር!

ከዚህ ሁሉ የወደድኩት መብራቱን ነው። እሱን ይግጠሙ፤ ማብሪያውን ይተዉት።

የሞተረኛው መልስ

ወንድሜ፣ መብራቱን ወስደህ ማብሪያውን መለስክልኝ? መብራቱ አልበራም እንበል። የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጥቷል፤ ለደጀን ገና 10 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። ምን ላድርግ? ቆመህ ጠብቅ እንደምትለኝ አውቃለሁ። በዚያ ጠባብ መታጠፊያ ላይ፣ ተሳቢው ከኋላዬ እየመጣ፣ የት ነው የምቆመው?

በባትሪው እውነት አለህ። እንግዲያው ማብሪያዬ ሪሌ ይዘዝ። የሪሌው 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኘው የኋላ መብራት መስመር ይመገብ፤ 85 በማብሪያዬ በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይሂድ፤ 30 እና 87 የቬንትሌተሩን ኔጌቲቭ ያገናኙ። ቁልፉን ሳወጣ ሪሌው ይለቃል፤ ማብሪያውን ብረሳ፣ የመሪው ሽቦ ቢላጥም፣ ባትሪዬ አያልቅም። ወንዝ ሲሻገሩ ምላጩ ውሃ እንዳይመታ ብለው ቬንትሌተሩን ጨርሶ የሚያጠፋ ባለ ሦስት ደረጃ ማብሪያ የሚገጥሙትን ግን እኔም አልደግፋቸውም። ከወንዙ ማዶ የረሳው ሰው ኢንጂኑን ቀቅሎ ይመጣል።

የባለሙያው መልስ

በሪሌው ተስማምቻለሁ፤ ማጥፊያውንም በጋራ ጥለነዋል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ቴርሞስዊች መሞቱን ለማወቅ የደጀን አቀበት ላይ መድረስ አያስፈልግም። ግቢዎ ውስጥ ኢንጂኑን በሚኒሞ ያቁሙና ከመለኪያው ዓይንዎን ሳይነቅሉ መብራቱን ይጠብቁ። መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠግቶ መብራቱ ካልመጣ፣ በድሮዎቹ ላይ የቴርሞስዊቹን ሶኬት ነቅለው ሽቦውን ከሻንሲው ጋር ያነካኩ፤ ሁለት ሽቦ ካለው እርስ በርስ ያገናኟቸው። ቬንትሌተሩ ከዞረ የሞተው ስዊቹ ነው። ካልዞረ ፊውዙ ተበልቷል ወይም ቬንትሌተሩ ራሱ ተቃጥሏል፤ ያን ጊዜ የእርስዎ ማብሪያም አያስነሳውም። ማብሪያ የሚያድነው ከአንድ ብልሽት ብቻ ነው፤ ያንኑ ብልሽት ደግሞ ኪስ ውስጥ ያለች ቁራጭ ሽቦ መንገድ ላይ ታልፈዋለች።

ስለዚህ ጋሼ፣ ማብሪያ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይቀይሩ፣ ኩላንቱን ይሙሉ፣ የራዲያተሩን ክንፎች ያሳጥቡ። ሦስቱ ተሟልተው አቀበቱ አሁንም ካስቸገረዎ ሞተሩን ይዘው ይምጡ፤ ሽቦውን እኔው አስርልዎታለሁ፣ በሪሌና በፊውዝ፣ ያለ ማጥፊያ።