የዓሣው አጥንት ለአባ ኮዳ ብቻ?

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ወሰደችኝ። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ አራግፈዋል። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ የቆሮሶውን ሥጋ ከግራና ከቀኝ በቢላ ገፎ ያወጣና ጭንቅላቱንና አጥንቱን ወደ ኋላው ይወረውራል። ከኋላው አባ ኮዳዎቹ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመዋል። "አጥንቱን ምን ታደርጉታላችሁ?" አልኩት። "ለአሞራው ነዋ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እንደ ሌላው ጎብኚ ፎቶ አንስቼ ሄድኩ።

በርገን ተመልሼ የእናቶች ጤና ትምህርት ስንጀምር ግን ያ ፎቶ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ትምህርቱ ስለ ፕሪኤክላምፕሲያ ነበር። ይህ በእርግዝና አጋማሽና ከዚያ በኋላ የሚከሰት የደም ግፊት በሽታ ነው። ካልተደረሰበት ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ሲከፋም እናቲቱን እስከ ማንቀጥቀጥና እስከ ሞት ያደርሳል። በምግባቸው ካልሲየም በበቂ የማያገኙ ነፍሰ ጡሮች ካልሲየም ሲሰጣቸው አደጋው ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደነዚህ ያሉ እናቶች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም ይመክራል።

"በምግባቸው በበቂ የማያገኙ" የሚለውን ስሰማ ያሰብኩት ስለ እኛ ነው። በአገራችን ወተት ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። ኦርቶዶክስ ከሆንን ደግሞ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ወተትና አይብ አንቀምስም። ነፍሰ ጡር እንድትጾም አትገደድም፤ ግን የማትተወውን ሁላችንም እናውቃለን። ጤፍ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር የተወሰነውን ካልሲየም አስሮ ያስቀረዋል። እርሾው ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በእንጀራ ብቻ ግራም ተኩል መድረስ ደግሞ አይታሰብም።

ታዲያ አሞራ ገደል ላይ የሚጣለው ምንድን ነው? ከአንድ ቆሮሶ ንጹህ ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። አጥንቱ ከሥጋና ከስብ ጸድቶ ሲደርቅ ከግማሽ በላይ ማዕድን ነው፤ ማዕድኑም በአብዛኛው ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው። ከደረቅ የአጥንት ዱቄት ሩብ ወይም አምስት አንድ ያህሉ ካልሲየም ነው ብለን ብናሰላ፣ 500 ሚሊግራም ካልሲየም ለማግኘት ከሁለት እስከ ሁለት ግራም ተኩል ዱቄት ይበቃል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው።

500 ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በህንድና በታንዛኒያ በእያንዳንዳቸው 11,000 ነፍሰ ጡሮችን ይዞ ነበር። ፕሪኤክላምፕሲያን በመከላከል ረገድ በቀን 500 ሚሊግራም የወሰዱት 1,500 ከወሰዱት ያላነሰ ውጤት አግኝተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ ሦስት ትልልቅ ኪኒን፣ ያውም ከብረት ኪኒኑ በሰዓታት ተለይቶ፣ መዋጥ ለማንም ከባድ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግን ምግብ ውስጥ ይገባል።

አጥንት ሰውነት ውስጥ ይመጠጣል ወይ? ይመጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኖርዌይ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሳልሞንና የኮድ አጥንት ካልሲየም በደንብ እንደሚመጠጥ በጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ አሳይተዋል። እዚህ አገር የዓሣ ተረፈ ምርት የሚጠራበት ቃል ራሱ ይገርመኛል፦ "ሬስትሮስቶፍ"፣ ቀሪ ጥሬ ዕቃ እንደ ማለት። ቆሻሻ ያልነውን እንጥለዋለን፤ ጥሬ ዕቃ ያልነውን ግን ሂሳብ እንሠራበታለን። ኖርዌጅያኖቹ አብዛኛውን መልሰው ዘይት፣ መኖና ዱቄት ያደርጉታል።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህ "አገራችን ያልተነካ ሀብት አላት" ከሚሉት ጽሑፎች አንዱ ይሆን ነበር። ግን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

ዘንዶው ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በሸለቆው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሲብስ አጥንትንና መገጣጠሚያን ያደርቃል። አጥንት ደግሞ ፍሎራይድን አጥብቆ ይይዛል። እንዲያውም በሸለቆው አንዳንድ ቦታዎች የመጠጥ ውሃ የሚጣራው በከሰለ የከብት አጥንት ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ የኖረ ዓሣ አጥንትም ይህንኑ ሲያጠራቅም ይኖራል። ሥጋውን ስንበላ ብዙም የማይነካን ነገር አጥንቱን ስንፈጨው ማንኪያችን ላይ ይመጣል ማለት ነው።

እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች የአጥንት ዱቄት እንዳይወስዱ አስጠንቅቆ ነበር፤ እርሳስ ስለተገኘበት። ልብ በሉ፣ የተከለከሉት እኛ ልንረዳቸው የምንፈልጋቸው ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ የዓሣው አጥንት ለእናቶች ይድረስ፤ ግን ምርመራው ከፋብሪካው ይቅደም። የሐዋሳ፣ የዝዋይ፣ የጫሞና የጣና ዓሣ አጥንት ለየብቻው ይመርመር። ጣና ከስምጥ ሸለቆ ውጭ ስለሆነ ውጤቱ ሊለይ ይችላል፤ ከተለየ መጀመር ያለብን ከባሕር ዳር ነው። እስከዚያው ድረስ ይህን አንብቦ ቤቱ አጥንት የሚፈጭ ሰው እንዳይኖር አደራ።

ሁለተኛ፣ ጠርሙስ ውስጥ አንክተተው። አንድ የፋርማሲ ተማሪ ጓደኛዬ "ካልሲየም ካርቦኔት ከኖራ ድንጋይ ይሠራል፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ኢትዮጵያ ሞልቷል፤ አጥንት ለምን?" ብሎኛል። ለኪኒን ከሆነ ልክ ነው። የአጥንቱ ጥቅም ምግብ መሆኑ ላይ ነው። ሐይቁ ዳር ተፈልቶ፣ ጸድቶ፣ ደርቆ፣ ጥርስ ላይ እስከማይሰማ ድረስ ልሞ፣ በሾርባ ዱቄት መልክ እዚያው አካባቢ ሊሸጥ ይችላል። ዛሬ ለአሞራ የሚጣለው ነገር ለዚያ ባለቢላ ልጅ ገንዘብ ይሆንለታል።

ሦስተኛ፣ ስሙ ይጻፍበት። "ሽሮ ውስጥ ብንቀላቅለውስ?" የሚል ሐሳብ መጀመሪያ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ "ሳትነግሪኝ በጾም ዓሣ ልታበይኝ ነው?" አለችኝ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኔ የምፈታው አይደለም። ግን በጾም ምግብ ውስጥ ዓሣን ደብቆ ማስገባት፣ ለጤና ተብሎም ቢሆን፣ ሰውን መናቅ ነው። እምነት ያጣ ዱቄት ደግሞ ማንንም አያድንም።

እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ? በየክረምቱ ሻንጣችን ውስጥ የቫይታሚንና የካልሲየም ጠርሙስ ጭነን እንሄዳለን። መልካም ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ለሦስት ወር ይበቃል። ማኅበራችን ውስጥ ግን የነርሲንግ፣ የኬሚስትሪና የምግብ ምህንድስና ተማሪዎች አለን፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚፈልጉም ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ተጣምሮ የአራት ሐይቆች አጥንት ውስጥ ስንት ፍሎራይድና ስንት እርሳስ እንዳለ ቢለካ፣ ከመቶ ጠርሙስ ይበልጣል። ውጤቱ "አይሆንም" ቢል እንኳ አንድ ሰው ሳይመረምር ለነፍሰ ጡር እንዳይሸጠው ያደርጋል።

የሚመጣው ክረምት አሞራ ገደል ስሄድ ያንን ልጅ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ "አጥንቱን ትሸጥልኛለህ?" ለጊዜው የምፈልገው ለላቦራቶሪ የሚበቃ አንድ ኪሎ ብቻ ነው። የቀረውን አባ ኮዳዎቹ ይውሰዱት።